በጥቁር ሰማያዊ ስላይድ ላይ የግራፌ ነጭ ሳጥን አልለቅ አለኝ

ሳምንት ቀረኝ፦

ሰላም ለዚህ መድረክ አባላት። የማስተርስ ጥናቴን በገምጋሚዎች ፊት የማቀርብበት ቀን ሊደርስ አንድ ሳምንት ብቻ ስለቀረው፣ ሁለት ሌሊት የፈጀብኝን አንድ ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። የትምህርት ክፍላችን ሁሉም ተማሪ እንዲጠቀምበት ያዘጋጀው የፓወርፖይንት ቴምፕሌት ዳራው ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ ቀለሙ ቀስ በቀስ ይፈዝዛል፤ በቀኝ ጥጉ ላይም ዓርማ አለው። እኔ ደግሞ የሁለት ጤና ጣቢያዎችን ወርኃዊ የወባ ሕሙማን ቁጥር በሁለት መስመሮች የሚያሳይ ግራፍ አር በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ጂጂፕሎት2 በተባለው የግራፍ መሥሪያ ፓኬጅ ሠርቻለሁ። ግራፉ ለብቻው ሲታይ ምንም አይወጣለትም፤ ስላይዱ ላይ ሲቀመጥ ግን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነጭ ማስታወቂያ ይመስላል። የምፈልገው መስመሮቹና ጽሑፎቹ ብቻ ቀርተው፣ የስላይዱ ቀለም በግራፉ ውስጥ አልፎ እንዲታይ ነው።

ይህን የምጽፈው ከስልክ ስለሆነና የስልኬ ቁልፍ ሰሌዳ ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው ሲመላለስ ኮዱን ስለሚያመሰቃቅልብኝ፣ የትእዛዞቹን ስም እንደ አጠራራቸው በፊደላችን አስቀምጣቸዋለሁ፤ አርን የሚያውቅ ሰው አይቸገርም ብዬ እገምታለሁ። የግራፉን መልክ በሚወስነው በቲም ትእዛዝ ውስጥ የፕሎት ባክግራውንድንም (የመላውን ምስል ዳራ) የፓነል ባክግራውንድንም (መስመሮቹ የሚሳሉበትን ክፍል ዳራ) ፊል፣ ማለትም የውስጥ ቀለም፣ ትራንስፓረንት (ቀለም አልባ) አድርጌያለሁ። ከዚያ የግራፉን መልክ ቀለል ለማድረግ ቲም ቢደብልዩ የሚባለውን ዝግጁ መልክ ጨመርኩ፤ በመጨረሻም ግራፉን የምስል ፋይል በሚያደርገው በጂጂሴቭ፣ በፒኤንጂ ፎርማትና በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ፒክስል) አስቀመጥኩት። የስህተት መልእክት አልመጣም፤ ነጩም አልሄደም።

ቀደም ሲል ደግሞ ፓወርፖይንት ውስጥ ምስሉን መርጬ፣ አንድን ቀለም ለይቶ የሚያጠፋውን ሴት ትራንስፓረንት ከለር የሚባለውን መሣሪያ ሞክሬ ነበር። ነጩ ቦታ ጠፋ፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ፊደል ዙሪያ ዱቄት የተነፋበት የሚመስል ነጭ ጠርዝ ቀረ፤ ሆን ብዬ ውስጣቸውን ነጭ ያደረግኋቸው ነጥቦችም አብረው ተበሱ። ቴምፕሌቱን መቀየር እንደማይፈቀድልኝ ግምት ውስጥ አስገብታችሁ ብትረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የቀለም ቀንድ፦

ወዳጄ፣ ጉዳዩን በዝርዝር ስላቀረቡት መልሱ ከራሱ ከጥያቄው ውስጥ ወጥቷል። ችግሩ ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ቲም ቢደብልዩ፣ ቲም ግሬይ፣ ቲም ሚኒማልና የመሳሰሉት ሙሉ ቲሞች ናቸው፤ ሙሉ ቲም ሲመጣ ደግሞ ከእርሱ በፊት የተጻፈውን ማስተካከያ ሁሉ ጠራርጎ የራሱን ያነግሣል። እርስዎ መጀመሪያ ዳራውን አጠፉ፤ ቀጥሎ የመጣው ቲም ቢደብልዩ ነጩን መልሶ አነጠፈው። አር ይህን እንደ ስህተት ስለማይቆጥረው ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ስለዚህ ቲም ቢደብልዩን ያስቀድሙ፣ የእርስዎን የቲም ማስተካከያ ከእርሱ በኋላ ያስከትሉ።

ይህን ካስተካከሉ በኋላም ሁለት ነገሮች ሳይታዩ ያልፋሉ። የመጀመሪያው የጠርዝ መስመር ነው። በጂጂፕሎት2 ነባሪ ቲም የፕሎት ባክግራውንድ ፊሉ ብቻ ሳይሆን ዙሪያው የተከበበበት መስመርም ነጭ ነው፤ ይህን መስመር ነጭ ወረቀት ላይ ማንም አያየውም። ፊሉን ብቻ ትራንስፓረንት አድርገው ኮለሩን (የጠርዙን ቀለም) ካልነኩት፣ ጥቁር ሰማያዊው ስላይድ ላይ ግራፉን እንደ ክር የሚዞረው ቀጭን ነጭ መስመር ብቅ ይላል፤ ሰውም ፓወርፖይንት የጨመረው ፍሬም መስሎት ሲፈልገው ይውላል። መፍትሔው ዳራው በሚታዘዝበት በዚያው ኤለመንት ሬክት ውስጥ ኮለርን ኤንኤ (ምንም) ማድረግ ነው። ሁለተኛው ሌጀንዱ፣ ማለትም የትኛው መስመር የምን እንደሆነ የሚያሳየው መግለጫ፣ ነው፤ የራሱ ባክግራውንድ አለው፤ ከጎን ያሉት ትንንሽ ናሙናዎች የሚቀመጡበት ሌጀንድ ኪም እንዲሁ የራሱ ፊል ሊኖረው ይችላል። ግራፉን በፋሴት ወደ ትንንሽ ግራፎች ከከፋፈሉት ደግሞ የስትሪፕ (የየግራፉ ርእስ የሚጻፍበት ሰሌዳ) ባክግራውንድ ይጨመራል።

ሲያስቀምጡም በጂጂሴቭ ውስጥ ቢጂን (የዳራውን ቀለም) ትራንስፓረንት ብለው በግልጽ ይጻፉት። ከጂጂፕሎት2 3.3.4 ስሪት ጀምሮ ጂጂሴቭ ቢጂ ካልተነገረው የፕሎት ባክግራውንዱን ቀለም ራሱ ይወስዳል፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ስሪቶች ግን ምስሉን የሚያወጣው ዲቫይስ በነባሪ ነጭ ስለሚቀባ፣ ቲሙ የቱንም ያህል ቢጸዳ ነጩ ከሥር ይጠብቅዎታል። ጂጂፕሎትን ሳይጠቀሙ በመደበኛው የፕሎት ትእዛዝ ለሚሠሩም ነገሩ ያው ነው፤ የፒኤንጂ ትእዛዙ ሲከፈት ቢጂው እዚያው መነገር አለበት።

ስለ ዱቄቱ ጠርዝ የጠየቁትን ላስረዳ፤ ምክንያቱን ካወቁት ያንን መሣሪያ ሁለተኛ አይነኩትም። ጥቁር ፊደል ነጭ ላይ ሲሳል፣ በፊደሉ ጠርዝ ያሉት ፒክስሎች ግማሽ ጥቁር ግማሽ ነጭ ሆነው ነው የሚቀቡት፤ ፊደሉ ጥርስ እንዳያወጣ የሚደረገው በዚህ ነው። ግማሽ በግማሽ የሆነው ፒክስል በሦስቱም ቀለማት ወደ 128 የሚጠጋ ግራጫ ይሆናል። የፓወርፖይንቱ መሣሪያ የሚያጠፋው የመረጡትን አንድ ቀለም፣ ማለትም 255 የሆነውን ንጹሕ ነጭ ብቻ ስለሆነ፣ 128ቱም 200ውም 240ውም ባሉበት ይቀራሉ፤ ጥቁር ሰማያዊ ላይ ሲያርፉም ያበራሉ። ፒኤንጂ ከመጀመሪያው ያለ ዳራ ሲወጣ ግን ያ የጠርዝ ፒክስል ግራጫ አይደለም፤ ሙሉ ጥቁር ሆኖ፣ ቀለሙ ከሥሩ ያለውን ምን ያህል እንደሚሸፍን የሚናገረው አራተኛው ቁጥር፣ አልፋ የሚባለው፣ ግማሽ ይሆናል። ከምን ጋር እንደሚደባለቅ የሚወሰነው ስላይዱ ላይ ሲያርፍ ነው። ነጭ የሞሏቸው ነጥቦችም ነጭ እንደሆኑ ይቀራሉ፤ እነርሱ ዳራ ሳይሆኑ የተሳለ ነገር ናቸውና።

ቁጥር ፈጪ፦

ከላይ የተሰጠው መልስ የተሟላ ስለሆነ ለአር አልጨምርበትም። ይህን ገጽ በኋላ ፈልገው የሚያገኙ የፓይተን ተጠቃሚዎች እንዳይጉላሉ ግን፣ ማትፕሎትሊብ በሚባለው የፓይተን ግራፍ መሥሪያ፣ ሴቭፊግ በሚለው የማስቀመጫ ትእዛዝ ውስጥ ትራንስፓረንትን ትሩ ማለት የፊገሩንም (የመላውን ምስል) የአክሲሱንም (መስመሮቹ የሚሳሉበትን ክፍል) ዳራ በአንድ ጊዜ እንደሚያነሣ ልግለጽ። የሌጀንዱን ሳጥን ግን አያነሣም። ሌጀንዱ በነባሪ 0.8 አልፋ ያለው ነጭ ሳጥን ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ጥቁር ስላይድ ላይ ደብዛዛ ግራጫ ንጣፍ ሆኖ ይታያል፤ ፍሬምኦንን ፎልስ ማድረግ ይበቃዋል።

ለጠያቂው የምሰነዝረው ግን ከቴክኒኩ ትንሽ ወጣ ያለ ሐሳብ ነው። ትራንስፓረንት ዳራ ሁልጊዜ ትክክለኛው ምርጫ አይመስለኝም። የስላይዱ ቀለም አንድ ወጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ ቀይ 31፣ አረንጓዴ 56፣ ሰማያዊ 100 የሆነ ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ፣ የፕሎት ባክግራውንዱን በዚያው ቀለም መቀባት ከብዙ ጣጣ ያድናል፤ ምስሉ በምንም መንገድ ቢላክ መልኩን አይለውጥም፤ ገና ሲሠሩትም ስላይዱ ላይ የሚታየውን ያንኑ ያያሉ። የእርስዎ ቴምፕሌት ወደ ታች እየፈዘዘ የሚሄድ ስለሆነ ይህ አይሠራልዎትም፤ የተቀባው ሳጥን ታችኛው ጠርዝ ላይ መለየቱ አይቀርም። ስለዚህ በእርስዎ ሁኔታ ትራንስፓረንቱ ግድ ነው፤ ሌሎች ግን ከመጀመራቸው በፊት ቴምፕሌታቸውን ልብ ብለው ይዩት።

ሳምንት ቀረኝ፦

የቀለም ቀንድ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅደም ተከተሉን ባስተካከልኩ ቅጽበት ነጩ ሄደ፤ እንደ ክር የሚዞረውንም መስመር ባይነግሩኝ ኖሮ ፓወርፖይንት ውስጥ ስፈልገው አድር ነበር። ነገር ግን አንዱን ስገላገል ሦስት ሌላ መጣብኝ።

አንደኛ፣ የወራቱ ስሞችና የአክሲሱ (የግራፉ ዘንግ) ቁጥሮች ሰማያዊው ውስጥ ሰምጠዋል። ቲም ውስጥ ቴክስትን ነጭ አድርጌ ርእሱ ነጭ ሆኗል፤ የአክሲሱ ቁጥሮች ግን እንደ ጠቆሩ ናቸው። ሁለተኛ፣ ወባ የሚበረታባቸውን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያሉትን ወራት በፈዛዛ ግራጫ ጥላ ለይቼ ነበር፤ ስላይዱ ላይ ሲያርፍ ጥላው እንደ ጥላ መታየቱ ቀርቶ ሌላ ነገር ሆኗል። ሦስተኛው ይበልጥ ያስደነገጠኝ ነው። ምስሉን አብራኝ ለምትሠራ የክፍል ጓደኛዬ በቴሌግራም ላክሁላት፤ እርሷ ስትከፍተው ዳራው ድፍን ጥቁር ሆኖ ቆያት። በእኔ ላፕቶፕ ላይ ያው ምስል ደህና ነው። የማቀርበው በእርሷ ላፕቶፕ ስለሆነ ጉዳዩ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ስላይድ አዳሪ፦

ሦስተኛውን ልመልስ፤ እኔም በዚሁ ተቀጥቻለሁና። ቴሌግራም ምስልን እንደ ፎቶ ሲልክ መጠኑን ለመቀነስ ወደ ጄፔግ ይለውጠዋል፤ ጄፔግ ደግሞ አልፋ የሚባለውን አራተኛ ቁጥር የሚይዝበት ቦታ የለውም። ባዶ የነበረው ቦታ በአንድ ቀለም መሞላት ስላለበት ጥቁር ወይም ነጭ ይሆናል። ለጓደኛዎ የደረሳት ምስል ከእርስዎ ምስል ጋር ስሙ እንጂ ግብሩ አንድ አይደለም። ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን በፋይል መልክ ይላኩት፤ ያን ጊዜ ፒኤንጂው ሳይነካ ይደርሳል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ምስሉ የገባበትን የፓወርፖይንት ፋይል ራሱን መላክ ነው። ምስሉን ከአርስቱዲዮ መስኮት ኮፒ አድርጎ ስላይዱ ላይ ፔስት ማድረግም በመንገድ ላይ ዳራ ሊያስነጥቅ ስለሚችል፣ ሁልጊዜ ኢንሰርት ፒክቸር በሚለው በኩል ፋይሉን ያስገቡት።

ምስሉ በእርግጥ ያለ ዳራ መውጣቱን ለማረጋገጥም የምስል ማሳያ ፕሮግራሞችን አይመኑ። አንዱ ባዶውን ቦታ ነጭ፣ ሌላው ጥቁር፣ ሌላው የዳማ ገበታ አስመስሎ ያሳያል። እኔ ሥራዬ ስላይድ ማዘጋጀት ስለሆነ፣ ዳራው ደማቅ ቀይ የሆነ አንድ ባዶ ስላይድ ለዚሁ ብቻ አስቀምጫለሁ፤ እያንዳንዱ ምስል መጀመሪያ እዚያ ላይ ይወርዳል። የቀረ ነጭ ጠርዝ፣ የተረሳ የሌጀንድ ሳጥን፣ ሁሉም ቀይ ላይ ይጋለጣል።

ኤስቪጂ የሚባለውን የምስል ፎርማት የሚመክርዎ ሰው አይጠፋም። ሲጎላ የማይሰባበር በመሆኑ እኔም እወደዋለሁ፤ አዳዲሶቹ የፓወርፖይንት ስሪቶችም ይቀበሉታል። ይሁን እንጂ በሰው ላፕቶፕ ለሚያቀርብ ሰው አልመክረውም፤ ጽሑፉ በኤስቪጂ ውስጥ ጽሑፍ እንደሆነ ከቆየ፣ የተጠቀሙበት የአማርኛ ፎንት በዚያኛው ላፕቶፕ ላይ ከሌለ በሌላ ይተካል፤ ስፋቱም ይዛባል። ጥራቱ የተጠበቀ ፒኤንጂ ይበቃዎታል።

የቀለም ቀንድ፦

የቀሩትን ሁለቱን እኔ ልውሰድ። የአክሲሱ ቁጥሮች ያልታዘዙት፣ ቴክስት የሚለው የሁሉም ጽሑፍ ወላጅ ቢሆንም አክሲስ ቴክስት ግን በቲሙ ውስጥ ከወላጁ የማይወርሰው፣ ለራሱ የተሰጠ ጥቁር ግራጫ ቀለም ስላለው ነው። አክሲስ ቴክስትን ለብቻው ነጭ ይበሉት፤ አክሲስ ቲክስን (በዘንጉ ላይ ያሉትን ትንንሽ ጭረቶች)፣ ፋሴት ካለም ስትሪፕ ቴክስትን እንዲሁ። ቲም ቢደብልዩ በግራፉ ዙሪያ የሚስለው የፓነል ቦርደርም ጥቁር ግራጫ ነው፤ ወይ ያጥፉት ወይ ነጭ ያድርጉት። የግሪዱ (ከዳታው ጀርባ የሚሰመሩት የመለኪያ) መስመሮች ደግሞ ለነጭ ወረቀት የተመረጡ ፈዛዛ ግራጫ ስለሆኑ፣ ጥቁር ሰማያዊ ላይ ከዳታው መስመሮች በላይ ይጮኻሉ፤ እኔ ብሆን አግድሞቹን ብቻ አስቀርቼ ከስላይዱ ትንሽ ብቻ ወደ ፈካ ሰማያዊ እለውጣቸው ነበር።

ጥላው ላይ የደረሰው የአልፋ ነገር ነው፤ በቁጥር ሲታይ ደግሞ ይገባል። ግራጫው 190፣ አልፋው 0.2 ነበር እንበል። ነጭ ላይ ሲያርፍ የ255 አራት አምስተኛና የ190 አንድ አምስተኛ ተደምሮ 242 ይሆናል፤ ከነጩ በጥቂቱ የጠቆረ፣ በትክክል ጥላ የሚመስል ቀለም ማለት ነው። ያው ጥላ ከላይ በተጠቀሰው 31፣ 56፣ 100 ላይ ሲያርፍ ግን 63፣ 83፣ 118 ይሆናል፤ ይህ ከዳራው የፈካ ነው። ስለዚህ በነጭ ላይ ጥላ የነበረው፣ ጥቁር ላይ ጭጋግ ሆኖብዎታል። በመስመሮች ዙሪያ የሚደረጉ የመተማመኛ ክልሎችም፣ አልፋ የተሰጣቸው ነጥቦችም በዚሁ ሕግ ይገዛሉ። ወራቱን ለመለየት ከፈለጉ ግራጫውን ትተው ነጭን በ0.1 አልፋ ይሞክሩ፤ መፍካቱ ካልቀረ ንጹሕ ሆኖ ይፍካ። አራት ማዕዘኑንም በጂኦም ሬክት ሳይሆን በአኖቴት ያስገቡት፤ ጂኦም ሬክት የዳታውን ሰንጠረዥ ከወረሰ ለእያንዳንዱ ረድፍ አንድ አራት ማዕዘን እየደራረበ አልፋውን ያጠፋዋል።

የመስመሮቹንም ቀለም እንደገና ያስቡበት። ነጭ ላይ የሚያምሩት ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር ቀይ እዚህ አይሠሩም፤ ፈዛዛ ብርቱካናማና ፈዛዛ ውኃ ሰማያዊ ከኋላ ወንበር ላይም ይለያሉ።

አንድ ያልጠየቁትን ልጨምር። 16 በ9 የሆነ የፓወርፖይንት ስላይድ ስፋቱ 13.333፣ ቁመቱ 7.5 ኢንች ነው። ግራፉ ስላይዱ ላይ የሚይዘውን ቦታ ለክተው፣ ለምሳሌ 11 በ5.5 ኢንች ከሆነ፣ በጂጂሴቭ ውስጥ ያንኑ ስፋትና ቁመት ይስጡት። ያን ጊዜ ግራፉ ውስጥ 18 ነጥብ (ፖይንት) ብለው የጻፉት ፊደል ስላይዱ ላይም 18 ነጥብ ነው። ብዙ ሰው በዘፈቀደ አስቀምጦ በመዳፊት ይስበዋል፤ ፊደሉ ከመጠን በላይ ያንሳል ወይም ይገዝፋል። የጂጂፕሎት ነባሪ የፊደል መጠን 11 መሆኑንና ይህም ለአዳራሽ እንደማይበቃ አይርሱ።

ቁጥር ፈጪ፦

የወራቱ ስም በአማርኛ ስለሆነ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ሾውቴክስት የሚባለውን ፓኬጅ ተጠቅመው የአማርኛ ፎንት ያስገቡ ከሆነ፣ ነባሪ ዲፒአዩ 96 ስለሆነ በ300 ሲያስቀምጡ ጽሑፉ ሁሉ ጉንዳን ያህላል። በሾውቴክስት ኦፕትስ ዲፒአዩን 300 ማድረግ ያስፈልጋል። እኔ ግን ራግ የተባለውን ፓኬጅ እመርጣለሁ፤ በጂጂሴቭ ዲቫይስ ቦታ ኤጂጂ ፒኤንጂን ሲሰጡት ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነውን የአማርኛ ፎንት፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም ሆነ ኒያላ፣ ያለ ተጨማሪ ሥርዓት ያነባል፤ ትራንስፓረንቱንም በሚገባ ይጠብቃል።

ሳምንት ቀረኝ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ራግን ጭኜ፣ አክሲስ ቴክስቱን ነጭ አድርጌ፣ ጥላውን በነጭ 0.1 አልፋ ቀይሬ አሁን በ11 በ5.5 ኢንች አወጣሁት። ቀይ ስላይድ ላይ ስፈትነው ሌጀንዱ ጀርባ ያለች ጥፍር የምታህል ነጭ ሳጥን ተገኘች፤ ሌጀንድ ኪ ነበረች። ፓወርፖይንቱንም በፋይል መልክ ለጓደኛዬ ልኬላት ደህና መድረሱን አረጋግጣልኛለች። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ ገምጋሚዎቹ ስላይዱን በወረቀት ታትሞ እንዲሰጣቸው ይፈልጋሉ። ይህ የሚያመጣው ችግር ይኖር ይሆን?

ስላይድ አዳሪ፦

አለው እንጂ። በግሬይስኬል ሲታተም ፓወርፖይንት ቀለም ለመቆጠብ የስላይዱን ጥቁር ዳራ ነጭ ሊያደርገው ይችላል፤ የእርስዎ ነጭ ፊደላት ደግሞ የምስሉ አካል ስለሆኑ ነጭ እንደሆኑ ይቀራሉ። ወረቀቱ ላይ ስም የሌላቸው ሁለት ፈዛዛ መስመሮች ብቻ ይወጣሉ። ስለዚህ ግራፉን በአንድ ስም፣ ለምሳሌ ፒ ብለው ያስቀምጡና ሁለት ቲም ያዘጋጁለት፤ አንዱ ነጭ ጽሑፍ ያለው ትራንስፓረንት፣ ሌላው መደበኛው ቲም ቢደብልዩ። መስመሮቹንም ለወረቀቱ በጠቆሩ ቀለማት መተካትዎን አይዘንጉ። ሁለቱን በተለያየ የፋይል ስም አውጥተው፣ ለኅትመት የሚሆነውን የስላይዱን ቅጂ በነጩ ግራፍ ይሥሩትና ፒዲኤፍ አድርገው ወደ ማተሚያ ቤት ይውሰዱት። አስቀድመው አንድ ገጽ ብቻ አሳትመው ይዩት።